ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ፦ ረጲን ከተማ አድርገው የነደፉት ሰው

እ.ኤ.አ. ከ1954 እስከ 1956 ለአዲስ አበባ በተዘጋጀው ማስተር ፕላን ውስጥ፣ ከመሐል ከተማው ወጣ ብለው፣ ራሳቸውን የቻሉ ትንንሽ ከተሞች እንዲሆኑ የታሰቡ ቦታዎች ነበሩ። መካኒሳ አንዱ ነው። ገፈርሳና ኮተቤም ይገኙበታል። ከእነዚህ ጋር ረጲም ተጠቅሷል። ይህ ሥፍራ ዛሬ ለአብዛኛው የመዲናዋ ነዋሪ በሌላ ስሙ ይታወቃል፤ ቆሼ ይባላል። በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ከአለርት ሆስፒታል ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው ይህ ቦታ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ የከተማዋ ደረቅ ቆሻሻ ሲከማችበት የኖረ ኮረብታ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተገለጸ በቀር ዘመኖቹ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ረጲን የሰው መኖሪያ፣ የትምህርት ቤትና የገበያ ሥፍራ አድርገው በካርታ ላይ ያሰፈሩት እንግሊዛዊው የከተማ ፕላን ሊቅ ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ ናቸው። ለንደንን፣ ደብሊንን፣ ኤደንብራን፣ ሆንግ ኮንግን በወረቀት ላይ ደግመው የሠሩ ሰው ነበሩ። የአዲስ አበባው ፕላን በሕይወታቸው ማብቂያ ላይ የተሠራ በመሆኑ በታሪካቸው ውስጥ ብዙ ጊዜ በአንዲት ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። ለእኛ ግን በቅድሚያ ሊነገር የሚገባው እርሱ ነው።

ሌስሊ ፓትሪክ አበርክሮምቢ ሰኔ 6 ቀን 1879 በማንችስተር አጠገብ በምትገኘው አሽተን አፖን መርሲ ተወለዱ። አዲስ አበባም የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው፤ ሁለቱን ቁጥሮች ያገናኛቸው የዘመን አቆጣጠር ልዩነት ብቻ ቢሆንም፣ ሰውየውና ከተማዋ በሰባት ዓመት ግድም የሚበላለጡ የአንድ ዘመን ልጆች መሆናቸው እውነት ነው። አባታቸው የአክሲዮን ደላላ ሲሆኑ ለሥነ ጽሑፍና ለሥነ ጥበብ ፍቅር የነበራቸው ሰው ነበሩ። ከዘጠኝ ልጆች ሰባተኛው ፓትሪክ ናቸው። ታናሽ ወንድማቸው ላሴልስ አበርክሮምቢ በእንግሊዝ ባለቅኔነት ስማቸው የታወቀ ነው።

በዚያ ዘመን ማንችስተር የጥጥ ፋብሪካዎች ከተማ ነበረች። ጢሱ፣ ጀርባ ለጀርባ የተጣበቁት የሠራተኛ ቤቶች፣ በጥቀርሻ የጠቆረው ወንዝ፣ ይህ ሁሉ ማንም ሳያስብበት፣ እያንዳንዱ ባለ ንብረት ለራሱ በሠራው ልክ ተደራርቦ የመጣ ነበር። አበርክሮምቢ በ1897 በዚያችው ከተማ በአንድ አርክቴክት ቢሮ ለሙያ ልምምድ ገቡ። ቤት መንደፍን የተማሩት እዚያ ነው። የሚያስጨንቃቸው ጉዳይ ግን ቀስ በቀስ ከአንዱ ቤት ወደ ቤቶቹ መካከል እየተሻገረ ሄደ፤ መንገዱ ወዴት ይወስዳል፣ ልጆቹ የት ይጫወታሉ፣ ፋብሪካው ከመኝታ ቤት መስኮት ምን ያህል ይርቃል የሚሉት ጥያቄዎች ያዟቸው።

በ1907 ወደ ሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። ከሁለት ዓመት በኋላ በዩኒቨርሲቲው የከተማ ንድፍ ትምህርት ክፍል ተቋቋመ፤ በዓለም በዓይነቱ የመጀመሪያው መሆኑ ይነገርለታል። ገንዘቡን የሰጡት ለፋብሪካ ሠራተኞቻቸው ፖርት ሰንላይት የተባለችውን መንደር ያስገነቡት የሳሙና ፋብሪካ ባለቤት ዊልያም ሌቨር ናቸው። ሌቨር ስማቸውን ያጠፉ ጋዜጦችን ከስሰው ካሳ ተፈርዶላቸው ስለ ነበር፣ ከዚያው ገንዘብ ነው ለትምህርት ክፍሉ የሰጡት። የከተማ ፕላን ሙያ ወንበር ያገኘው በስም ማጥፋት ክስ ገንዘብ ነው ቢባል ከእውነቱ የራቀ አይሆንም።

አበርክሮምቢ በዚያ ክፍል ውስጥ ተመራማሪ፣ በ1910 የታተመው የከተማ ፕላን መጽሔት አዘጋጅ፣ በ1915 ደግሞ ፕሮፌሰር ሆኑ። መጽሔቱ ከሁሉ በላይ አስተማሪያቸው ነበር። የፓሪስን፣ የቪየናን፣ የበርሊንን፣ የብራስልስን አሠራር እያጠኑ ይጽፉበት ነበር። አሜሪካም ከዕይታቸው አልራቀችም። በዚያ ወቅት የአሜሪካ ከተሞች ከአውሮፓ ከተሞች በፈጠነ ሁኔታ በስደተኞች ይሞሉ ነበር፤ በ1909 ለቺካጎ የወጣው የዳንኤል በርናም ፕላን ሰፋፊ ጎዳናዎችን፣ የሐይቅ ዳር መናፈሻዎችንና ታላላቅ አደባባዮችን በአንድ ላይ አስቦ በማቅረቡ በመላው ዓለም መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። አበርክሮምቢ ከዚህ ውበትን ወሰዱ። ጥናትን ግን የወሰዱት ከስኮትላንዳዊው ከፓትሪክ ጌዴስ ነው። ጌዴስ በመጀመሪያ ሥነ ሕይወት ያጠኑ ሰው በመሆናቸው ከተማን እንደ ሕያው ፍጡር ያዩ ነበር፤ ፕላን ከመነደፉ በፊት የቦታው አፈር፣ ውኃ፣ ታሪክ፣ የሕዝቡ ኑሮና ሥራ በዝርዝር ሊጠና ይገባል የሚለው ሥርዓት ከእርሳቸው የመጣ ነው። ዛሬ በየትኛውም አገር የፕላን ጽሕፈት ቤት ውስጥ የነባራዊ ሁኔታ ጥናት የሚባለው ሥራ ሥሩ ይህ ነው።

ስማቸው ከእንግሊዝ ውጭ የተሰማው በደብሊን ነው። በ1914 ለከተማዋ ፕላን ውድድር ወጣ። አበርክሮምቢ ከሲድኒ ኬሊና ከአርተር ኬሊ ጋር ሆነው ያቀረቡት ሥራ በ1916 አሸናፊ ሆነ፤ ያ ዓመት ደግሞ የደብሊን መሐል በአመፅና በመድፍ የነደደበት ዓመት ነበር። ፕላኑ በመጽሐፍ የታተመው በ1922፣ አየርላንድ ከእንግሊዝ አገዛዝ በተላቀቀችበት ሰሞን ነው። አዲሱ መንግሥት ገንዘብ አልነበረውም፤ ፕላኑም ብዙው ክፍሉ በወረቀት ቀረ። ይህ ዕጣ በሕይወታቸው ደጋግሞ አጋጥሟቸዋል።

ቀጥሎ ያሉትን ዓመታት በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። የድንጋይ ከሰል ቁፋሮ እየተስፋፋበት ለነበረው የዶንካስተር አካባቢ፣ ለምሥራቅ ኬንት፣ ለሸፊልድና ለሌሎችም ፕላን አወጡ። ከእነዚህ ሥራዎች አንድ ነገር ተማሩ፤ ከተማ በአጥሩ አያልቅም። ውኃው፣ ማገዶው፣ ምግቡ የሚመጣው ከውጭ ነው፤ የሚጥለውም የሚደርሰው ከአጥሩ ውጭ ላለው ነው። ስለዚህ ከተማውና ገጠሩ አንድ ላይ ሊታቀዱ ይገባል አሉ። በ1926 የእንግሊዝን ገጠር ከተዝረከረከ ግንባታ ለመከላከል የተቋቋመውን ማኅበር ካስጀመሩት ዋነኛው እርሳቸው ነበሩ። በ1933 ስለ ከተማና ገጠር ፕላን አንድ መጽሐፍ አሳተሙ። በ1935 ወደ ለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተዛውረው እስከ 1946 አስተማሩ።

በ1937 የእንግሊዝ መንግሥት የኢንዱስትሪውን ሕዝብ ሥርጭት የሚመረምር ኮሚሽን ሲያቋቁም አባል ሆነው ተሾሙ። ኮሚሽኑ የጠየቀው ጥያቄ ለእኛም አገር እንግዳ አይደለም፤ ዋና ከተማዋ ሁሉን ሥራ፣ ሁሉን ሰው ወደ ራሷ ስትስብ አገሪቱ ምን ትሆናለች? ለንደን ከስምንት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ተሸክማ ነበር። ኮሚሽኑ በ1940 ሪፖርቱን ሲያወጣ የጦር አውሮፕላኖች ጥያቄውን በራሳቸው መንገድ ማንሳት ጀመሩ። በዚያ ዓመትና በተከታዩ ዓመት የተጣለው ቦምብ የለንደንን ምሥራቃዊ ሰፈሮች አፈረሰ።

ጦርነቱ ገና ሳያበቃ የለንደን ካውንቲ ምክር ቤት ዋና ከተማዋ እንዴት እንደምትታነጽ እንዲያጠኑ አበርክሮምቢንና የምክር ቤቱን አርክቴክት ጆን ሄንሪ ፎርሾን አዘዘ። ፕላኑ በ1943 ወጣ። የከተማዋን ደዌ ሲዘረዝሩ የትራፊክ መጨናነቅን፣ የተጎሳቆለ መኖሪያ ቤትን፣ የክፍት ቦታ ማነስንና በአግባቡ አለመከፋፈልን፣ የቤትና የፋብሪካ መደበላለቅን አስቀደሙ። መድኃኒታቸው ለንደንን እንደ አንድ ታላቅ ብዛት ሳይሆን እንደ ብዙ መንደሮች ስብስብ ማየት ነበር። እያንዳንዱ ሰፈር ከስድስት ሺህ እስከ አሥር ሺህ ሰው የሚኖርበት፣ የራሱ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና ሱቆች ያሉት፣ ትልቁ መንገድ በመካከሉ ሳይሆን በዳሩ የሚያልፍ እንዲሆን አሰቡ። ሕፃን ልጅ ትምህርት ቤቱ ለመድረስ ዋና ጎዳና እንዳያቋርጥ ማለት ነው።

ይህ የሰፈር ሐሳብ መነሻው አሜሪካ ነው። ክላረንስ ፔሪ የተባሉት አሜሪካዊ በ1929 ለኒው ዮርክና ለአካባቢዋ በተዘጋጀው ሰፊ ጥናት ውስጥ አቅርበውት ነበር። የመኪና ቁጥር በአሜሪካ ከሌላው ዓለም ቀድሞ በመብዛቱ፣ በመኪና የሚሞቱት ልጆች ጉዳይም ቀድሞ የተነሣው እዚያው ነው። አበርክሮምቢ ሐሳቡን ከኒው ዮርክ ወስደው በለንደን ፍርስራሽ ላይ ተከሉት፤ ወደ አዲስ አበባ የመጣውም በዚህ በኩል ነው።

በ1944 ደግሞ ታላቁን የለንደን ፕላን ብቻቸውን ኃላፊነት ወስደው አቀረቡ። ከተማዋንና አካባቢዋን በአራት ቀለበቶች ከፈሉት፤ የታጨቀው መሐል፣ ዙሪያው ያለው መኖሪያ፣ ከዚያ አረንጓዴ መቀነት፣ ከዚያም ውጫዊው ገጠር። ከመሐሉ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ወጥቶ ከአረንጓዴው መቀነት ማዶ በሚቆረቆሩ አዳዲስ ከተሞች እንዲሰፍር፣ ሥራውም አብሮት እንዲሄድ አሰቡ። ሥራ የሌለበት አዲስ ከተማ ማደሪያ ብቻ እንደሚሆን፣ ነዋሪውም ጠዋት ማታ ወደ ጥንቱ መሐል እንደሚጎርፍ ያውቁ ነበር። በ1946 የአዳዲስ ከተሞች ሕግ ወጣ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በለንደን ዙሪያ ስምንት ከተሞች ተወሰኑ፤ የመጀመሪያዋ ስቲቭኔጅ ናት። በዚያው ሰሞን ፕላኑን ለሕዝብ የሚያስረዳ ፊልም ተሠርቶ ነበር፤ አበርክሮምቢ ትንሹ ሰውነታቸውና የአንድ ዐይን መነጽራቸው ጋር በፊልሙ ላይ ይታያሉ። በ1945 የሰርነት ማዕረግ ተሰጣቸው። በ1946 የእንግሊዝ አርክቴክቶች ተቋም የወርቅ ሜዳልያ፣ በ1950 ደግሞ የአሜሪካ አርክቴክቶች ተቋም የወርቅ ሜዳልያ ተሸለሙ። በ1948 የተመሠረተው የዓለም አቀፉ አርክቴክቶች ኅብረት የመጀመሪያ ፕሬዚዳንትም እርሳቸው ናቸው።

ከሠሩት ሁሉ የተፈጸመው ግን ግማሹም አይሆንም። ፕሊመዝ መሐሏን በፕላናቸው መሠረት ዳግም ገነባች። ለሃል ከሰር ኤድዊን ሉትየንስ ጋር የሠሩት ፕላን በነጋዴዎች ተቃውሞ ቀረ። የኤደንብራው ፕላን ጥንታዊቷን ከተማ በትልልቅ መንገዶች ሊሰነጥቅ በመሆኑ ሕዝቡ አልተቀበለውም፤ ባለመቀበሉም የሚያዝን ዛሬ የለም። የለንደን የውስጥ ቀለበት መንገዶች ከብዙ ዓመታት ክርክር በኋላ በ1973 ተሰረዙ፤ ቤታቸው ሊፈርስባቸው የነበሩ ነዋሪዎች አሸነፉ። አረንጓዴው መቀነት ግን እስከ ዛሬ አለ። በሆንግ ኮንግ ያቀረቡት የባሕር ሥር መተላለፊያ ሐሳብ ከሞቱ በኋላ በ1972 እውን ሆነ። በዚህ ሙያ ላይ ላለ ሰው የራሱን ሥራ ፍሬ ሳያይ መሞት የተለመደ ነው።

ከኢትዮጵያ ጥሪ ሲመጣ ሰባ አምስት ዓመት ሞልቷቸው ነበር። የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት በወቅቱ ከባድ ሥራ ተደቅኖበት ነበር። ከተማዋ ከግማሽ ሚሊዮን ያነሰ ሕዝብ ይኖርባት የነበረ ቢሆንም በየዓመቱ የሚገባው ሰው ቁጥር ይጨምር ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም መዲናቸው በአፍሪካ ፊት የምትታይ እንድትሆን ይፈልጉ ነበር። የከተማዋ አሠፋፈር ደግሞ የትም አገር መጽሐፍ ውስጥ አይገኝም። እቴጌ ጣይቱ በፍል ውኃ ግድም ቤት ካሠሩ፣ አፄ ምኒልክም ከእንጦጦ ከወረዱ ወዲህ፣ መኳንንቱ በየኮረብታው ግቢ ተሰጥቷቸው፣ ሠራዊታቸውና ቤተ ሰባቸው በዙሪያቸው ሰፍሮ፣ ራስ ብሩ ሰፈር፣ ፊት በር፣ ሠራተኛ ሰፈር እየተባለ የተዘረጋ ነው። ባለጠጋውና ድኃው በአንድ ሰፈር፣ አንዳንዴም በአንድ አጥር ውስጥ ይኖሩ ነበር። በመካከሉ ወንዞችና ባሕር ዛፍ ነበሩ።

ከአበርክሮምቢ በፊት ለዚህች ከተማ ፕላን ያወጡት የፋሽስት ኢጣሊያ ሰዎች ናቸው። ስዊዘርላንዳዊው ተወላጅ ለ ኮርቡዚየ በ1936 ያለውን ሁሉ እንደ ሌለ ቆጥረው በቀጥታ መስመሮች የተሞላ ረቂቅ ንድፍ ልከው ነበር፤ ተቀባይነት አላገኘም። ጊዊዲና ቫሌ የተባሉት ኢጣሊያውያን አርክቴክቶች ያወጡት ፕላን ግን ሥራ ላይ መዋል ጀምሮ ነበር። መሠረቱ ነጩን ከጥቁሩ መለየት ነው። ለኢትዮጵያውያን ወደ ምዕራብ ሰፈርና ገበያ ተወሰነ፤ የዛሬው መርካቶ ከዚያ የመጣ ነው። አምስቱ የወረራ ዓመታት ሲያበቁ የቀረው ዕቅድ ሳይሆን ይህ ያልተጠናቀቀ ክፍፍል ነበር።

አበርክሮምቢ ይዘው የመጡት ሌላ ነው። ለንደንን በነደፉበት ቋንቋ አዲስ አበባን ነደፏት። ከመሐል ወደ ውጭ የሚወጡትን የጅማን፣ የአምቦን፣ የደሴን፣ የደብረ ዘይትን መውጫ የመሳሰሉ መንገዶች በቀለበት መንገድ አስተሳሰሩ። ከተማዋን በመናፈሻና በወንዝ ዳር አረንጓዴ ሥፍራ የተለያዩ፣ ራሳቸውን የቻሉ ሰፈሮች አድርገው ከፈሏት። ለሚጨምረው ሕዝብ ደግሞ ከዳር ያሉትን ሳተላይት ከተሞች አቀዱለት። ረጲ የሚገኘው በዚህ ዝርዝር ውስጥ ነው። በ1956 የተሰጠው ፕላን ኢትዮጵያዊውን ከሌላው የሚለይ መስመር የለበትም፤ ይህ ብቻውን ከቀድሞው ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ነገር ነው።

ጉድለቱን መናገርም ተገቢ ነው። በለንደን የሠራው መድኃኒት በአዲስ አበባ የሚሠራበት ምክንያት ብዙ አልነበረም። ለንደን የነበራት ችግር ፋብሪካውና ሕዝቡ መብዛቱ ነው፤ አዲስ አበባ ግን ፋብሪካዋ ገና ጥቂት ነበር። ወደ ረጲ ወይም ወደ ገፈርሳ የሚሄድ ሰው ምን ሠርቶ ይበላል? በለንደን ዙሪያ አዳዲሶቹን ከተሞች የገነባው መሬት የመግዛት ሥልጣንና የመንግሥት ብድር የተሰጠው ልዩ ድርጅት ነው። በአዲስ አበባ መሬቱ በአብዛኛው በጥቂት ባለ ርስቶች እጅ ነበር፤ ማዘጋጃ ቤቱ ባለ ርስቱን አስገድዶ ለድኃ ሰፈር ቦታ ሊያስለቅቅ የሚችልበት አቅም አልነበረውም። ባለጠጋና ድኃ ተጎራብቶ የሚኖርበትን ነባር አሠፋፈርም ፕላኑ እንደ ጉድለት እንጂ እንደ ሀብት አልቆጠረውም። ጌዴስ ያስተማሩት ጥናት በዚህ በኩል በሚገባ የተካሄደ አይመስልም።

ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ ፕላኑ ከተሰጠ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 23 ቀን 1957፣ በበርክሻር በምትገኘው አስተን ቲሮልድ መንደር በ77 ዓመታቸው አረፉ። የአዲስ አበባን ፕላን የሚከራከርለት ባለቤቱ ቀረ።

በ1959 ቦልተን ሄነሲ የተባለ የእንግሊዝ አማካሪ ድርጅት ፕላኑን እንዲያሻሽል ተቀጠረ። የከተማዋን ስፋት ጨመረ፣ የመንገዱን ሥርዓት ከለሰ፤ ሳተላይት ከተሞቹን ከመሐሉም ሆነ እርስ በርስ የሚያገናኝ የትራንስፖርት መስመር ግን አላቀረበም። መንገድ ያልተሰጣት ከተማ ከተማ አትሆንም፤ ረጲም በካርታ ላይ ቀረች። በ1965 በሉዊ ደ ማሪየን የተመራው የፈረንሳይ ቡድን ሌላ ፕላን ይዞ መጣ፤ ትኩረቱ ከማዘጋጃ ቤቱ የሚነሣው የመሐል ከተማ ታላቅ ጎዳና ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሲሆን፣ ለአበርክሮምቢ እንቅፋት የነበረው የባለ ርስት ጥያቄ ተወገደ፤ ፕላኑ ግን በዚያን ጊዜ ተረስቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሀንጋሪው ፖሎኒ ፕላን፣ በ1986 የተጠናቀቀው የኢትዮ ኢጣሊያ ፕላን፣ በ2002 የወጣው መዋቅራዊ ፕላንና ሌላም ተከትሏል።

በረጲ ያለው መሬት በዚህ መካከል ሥራ ፈትቶ አልቆየም። አካባቢው ቀድሞውንም ከተማዋ ከፊቷ ልታርቀው የፈለገችው ሁሉ የሚሄድበት አቅጣጫ ነበር። በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተሰየመው የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል በ1930ዎቹ የተቋቋመው እዚያ ነው፤ በኋላ አለርት የሆነው እርሱ ነው። ታክመው የዳኑትም ወደ መጡበት አገር ለመመለስ አፍረው ወይም ተገፍተው በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀለሱ። በ1960ዎቹ ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱ የከተማዋን ቆሻሻ ወደዚያው ያስደፋ ጀመር። ቦታው በዚያን ጊዜ ከከተማ የራቀ ሜዳ ነበር።

ይህ የአዲስ አበባ ስሕተት ብቻ አይደለም። ኒው ዮርክ በ1948 በስታተን ደሴት ፍሬሽ ኪልስ በተባለው ረግረግ ላይ ቆሻሻ መድፋት ስትጀምር ለጥቂት ዓመታት ብቻ ተብሎ ነበር፤ የተዘጋው በ2001 ነው። በዚያም ቢሆን ቆሻሻው የተወሰደው ድምፃቸው ወደማይሰማ ዳርቻ ነዋሪዎች ነው። ልዩነቱ ኒው ዮርክ ቦታውን ከዘጋች በኋላ በአፈር ሸፍና፣ ጋዙን በቱቦ ሰብስባ፣ መናፈሻ ለማድረግ ገንዘብ ማግኘቷ ነው።

ቆሼ 36 ሄክታር ገደማ ይሸፍናል። ከሥሩ ፍሳሽ የሚያግድ ንጣፍ የለውም፤ ቆሻሻው በቆሻሻ ላይ እየተደፋ ተራራ ሆነ። የሚበሰብሰው ነገር ሚቴን ጋዝ ይፈጥራል፤ ጋዙ በውስጥ ይነዳል፤ ዝናብ ሲገባበት ክምሩ ይከብዳል፣ ይላላል። ከተማዋ ደግሞ ወደ እርሱ መጣች። አበርክሮምቢ በሥርዓት ሊያሰፍሩት ያሰቡት ሕዝብ ያለ ሥርዓት ደረሰ። ከላስቲክ፣ ከብረት፣ ከእንጨት ለቅመው የሚሸጡ ብዙ ሰዎች ኑሯቸውን ከክምሩ ሥር አደረጉ፤ ልጆች ወለዱ፣ ትምህርት ቤት ላኩ። ቆሼ የሥራ ቦታ ነበር። ሳተላይት ከተማዋ ያጣችውን ሥራ ቆሻሻው ሰጠ ማለት ይቻላል፤ አነጋገሩ መራር ቢሆንም።

ቆሼን ለመተካት በከተማዋ ሰሜን ምሥራቅ፣ በሰንዳፋ አካባቢ ዘመናዊ የደረቅ ቆሻሻ ማስወገጃ ተሠርቶ በ2016 ሥራ ጀመረ። የአካባቢው ገበሬዎች ውኃችንና ከብታችን ተበከለብን በማለት ተቃወሙ፤ በዚያው ዓመት ተዘጋ። ገበሬዎቹ ያነሡት ጥያቄ አበርክሮምቢ ከዶንካስተር ጀምሮ ሲናገሩት የኖሩት ነው፤ የከተማ ቆሻሻ የሚወድቀው በገጠሩ ላይ ከሆነ ገጠሩ በዕቅዱ ላይ ድምፅ ሊኖረው ይገባ ነበር። መኪኖቹ ወደ ረጲ ተመለሱ።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ የክምሩ አንድ ወገን ተንዶ ከሥሩ በነበሩት ቤቶች ላይ ወረደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከሟቾቹ የሚበዙት ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ፍለጋው ለቀናት ቀጥሎ ነበር፤ ቆፋሪ መኪና የሚንቀሳቀስበት ጽኑ መሬት ባለመኖሩ ሥራው አዝጋሚ ነበር። ከአደጋው በኋላ የተረፉ ቤተ ሰቦች ከሥፍራው እንዲነሡ ተደረገ። በጃፓን መንግሥት ድጋፍና በተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም በኩል ክምሩን አስተካክሎ አየር በቱቦ እንዲገባበት የሚያደርገው የፉኩኦካ ዘዴ ተሠራበት። በክምሩ አጠገብ የተገነባው የረጲ ቆሻሻን ወደ ኃይል የሚቀይር ጣቢያ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በቀን 1,400 ቶን ገደማ እንዲያቃጥል የታሰበ ነው።

በ1956ቱ ፕላን ሳተላይት ከተማ ተብለው የተጠቀሱት ቦታዎች ዛሬ ከአዲስ አበባ ጋር ተጋጥመዋል። ኮተቤና መካኒሳ ከመሐሉ የሚለያቸው ሜዳ የለም። ከረጲ ብዙ ሳይርቅ ጀሞ ላይ የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች በብዙ ሺህ ለሚቆጠሩ ነዋሪዎች ተሠርተዋል፤ ነዋሪው ጠዋት ጠዋት ወደ መሐል ከተማ ለመሄድ በታክሲ ሰልፍ ይቆማል። አበርክሮምቢ ከመሐል የሚወጡትን መንገዶች ለማስተሳሰር ያሰቡት ቀለበት መንገድ፣ መስመሩ ተለውጦ፣ ሐሳቡ በቀረበ በአምስተኛው አሥርት ዓመት በቻይና ተቋራጭ ተሠርቷል።